ሞሐመድ አሚን፡ ከሳፋሪ ራሊ አቧራ እስከ ኮረም ንጋት

በፈረንጆቹ ፋሲካ ሰሞን ናይሮቢን፣ ካምፓላንና ዳሬሰላምን የሚያገናኙት ቀያይ የአፈር መንገዶች መልካቸው ይለወጥ ነበር። በዝናብ የላቆጠው ጭቃ ላይ፣ ዝናቡ ባልደረሰበት አገር ደግሞ በአቧራ ደመና ውስጥ፣ መኪኖች በቀንም በሌሊትም እየተፈተለኩ ያልፋሉ። ውድድሩ የተጀመረው በአውሮፓውያኑ 1953 የንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊትን ዘውድ መጫን ምክንያት በማድረግ ነው። በኋላ የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ የሚል ስም ተሰጠው። በዚያን ዘመን በእንግሊዝ አገዛዝ ሥር የነበሩትን ኬንያን፣ ኡጋንዳንና ታንጋኒካን አቆራርጦ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በ1963 እና በ1968 በተካሄዱት ውድድሮች ከመነሻው ከተሰለፉት በርካታ መኪኖች መካከል መጨረሻ የደረሱት ሰባት ሰባት ብቻ እንደነበሩ ማስታወስ የመንገዱን ክፋት ለመገመት ይበቃል።

ተመልካቹ በመንገዱ ግራና ቀኝ ይሰለፋል። ከተመልካቹ መካከል ካሜራ የያዘ አንድ ታዳጊ ነበር። ገና የትምህርት ቤት ደንብ ልብሱን ሳያወልቅ ያነሳቸው የራሊ ፎቶግራፎች ጋዜጣ ላይ ወጡ። ታዳጊው ሞሐመድ አሚን ይባላል። ዓለም በኋላ ያወቀው ሞ በሚለው አጭር ስሙ ነው። ለኢትዮጵያውያን ደግሞ የሰባ ሰባቱን ረኀብ በካሜራው ያሳየ፣ አንድ ክንዱን አዲስ አበባ ላይ ያጣ፣ በመጨረሻም በኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ ያለፈ ሰው ነው።

ሞ የተወለደው ነሐሴ 29፣ 1943 በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ናይሮቢ ውስጥ ኢስሊ በተባለው ሰፈር ነው። ዛሬ ሶማሌዎችና ኢትዮጵያውያን በብዛት የሚኖሩበት ይህ ሰፈር ያኔ የሕንድ ክፍለ አህጉር ተወላጆች መኖሪያ ነበር። አባቱ ከፑንጃብ የመጡ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ። ቤተሰቡ በኋላ ወደ ዳሬሰላም ተዛወረ። የመጀመሪያ ካሜራው ሌላ ሰው ሲገለገልበት የቆየ ቦክስ ብራውኒ ነበር፤ አራት ማዕዘን ሣጥን የምትመስል፣ እንደ ነገሩ የተሠራች ርካሽ ካሜራ።

የዚያን ካሜራ ጠባይ ማወቅ የልጁን ትምህርት ቤት ማወቅ ነው። ቦክስ ብራውኒ ፍጥነቷን መምረጥ አትፈቅድም። ሸተሯ አንድ ብቻ ነው፤ ተከፍቶ እስኪዘጋ በግምት 1/50 ሴኮንድ ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ጊዜ ይወስዳል። ለቤተሰብ ፎቶ ይህ ከበቂ በላይ ነው። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና ግን በ1/50 ሴኮንድ ውስጥ ከግማሽ ሜትር በላይ ይጓዛል። ፎቶው ሲታጠብ የሚገኘው መኪና ሳይሆን የተንጠለጠለ ጭረት ነው። መኪናው እንደ ቆመ ሆኖ እንዲታይ ለማድረግ ቢያንስ 1/500 ሴኮንድ ያስፈልጋል፤ ያኔም ቢሆን አምስት ስድስት ሴንቲ ሜትር ይንሸራተታል።

የተሻለ ካሜራ የያዘ ሰውም ቢሆን ችግሩ መልኩን ይለውጣል እንጂ አይለቀውም። ሸተሩ በፈጠነ ቁጥር ፊልሙ ላይ የሚያርፈው ብርሃን ይቀንሳል። የጎደለውን ለማካካስ የሌንሱን ቀዳዳ፣ ማለትም አፐርቸሩን፣ ማስፋት ግድ ይላል። ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር ደግሞ ጥርት ብሎ የሚታየው ርቀት ይጠብባል፤ መኪናው ከተገመተው ቦታ ሁለት እርምጃ ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ቢገኝ ምስሉ ይደበዝዛል። ሦስተኛው መውጫ ለብርሃን ፈጣን የሆነ ፊልም መጠቀም ነው። ኮዳክ ትራይ ኤክስ የተባለውን ፊልም ለ35 ሚሊ ሜትር ካሜራ ገበያ ላይ ያዋለው በ1954 ነው፤ ያም ቢሆን ምስሉ ላይ እንደ አሸዋ የሚታይ ሻካራነት ያስከፍላል። ዛሬ በእጅ ስልክ የእግር ኳስ ጨዋታ የሚቀርጽ ወጣት የሚገጥመው ምርጫ ከዚህ የተለየ አይደለም፤ ልዩነቱ ስልኩ በእሱ ፋንታ መምረጡ ብቻ ነው።

ስለዚህ በራሊ መንገድ ዳር የቆመ ፎቶ አንሺ ከቁጥሮቹ በፊት የሚመርጠው የሚቆምበትን ቦታ ነው። በጎን የሚያልፍ መኪና ከሁሉም ይከፋል። ፊት ለፊት የሚመጣ መኪና ግን ፍጥነቱ ያው ሆኖ ሳለ በምስሉ ላይ ብዙም አይንሸራተትም፤ ያድጋል እንጂ አይሄድም። ጥምዝ ላይ ሾፌሩ ፍሬን ይይዛል። ወንዝ መሻገሪያ ላይ መኪናው ሊቆም ጥቂት ይቀረዋል፤ ውኃው ግን እንደ ክንፍ ይነሣል። ፎቶ አንሺው መኪናው ሳይመጣ በፊት መንገዱ ላይ አንድ ድንጋይ ይመርጣል፣ ፎከሱን በድንጋዩ ላይ ያስተካክላል፣ ከዚያ ይጠብቃል። ሌላው ዘዴ ካሜራውን ከመኪናው ጋር እኩል እያዞሩ በዝግታ ሸተር፣ በ1/60 አካባቢ፣ ማንሳት ነው። በዚህ ጊዜ መኪናው ጠርቶ ይቆማል፣ ዛፉና ተመልካቹ ደግሞ ወደ ኋላ የሚፈስ ወንዝ ይሆናሉ። ወገብን ማላመድ ይጠይቃል፤ ከሃያ ሙከራ አንዱ ከተሳካ መልካም ነው። ፊልም ደግሞ በገንዘብ የሚገዛ ነገር ነው።

ማኬሬሬ ያልገባው ተማሪ

በእነዚያ ዓመታት ከኬንያም ሆነ ከታንጋኒካ የተነሣ ብሩህ ተማሪ ሕልሙ አንድ ነበር፤ ካምፓላ ያለው የማኬሬሬ ኮረብታ። በ1922 የተመሠረተው ማኬሬሬ የቀጠናው የዕውቀት ማማ ነበር። የታንዛኒያው ጁሊየስ ኔሬሬ፣ የኡጋንዳው ሚልተን ኦቦቴ፣ በኋላ የኬንያ ፕሬዚዳንት የሆኑት ምዋይ ኪባኪ ሁሉም በዚያ ግቢ አልፈዋል። ሞ አላለፈም። በ1963፣ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላው ወይም በሞላው ሰሞን፣ ዳሬሰላም ውስጥ ካሜራፒክስ የተባለውን ድርጅቱን ከፈተ። ማኬሬሬ ያፈራቸውን መሪዎች ሥልጣን ሲይዙና ሲወርዱ በካሜራ የተከታተላቸው ግን እሱ ነው።

ድርጅቱን በከፈተ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ ጥር 1964፣ ዛንዚባር ላይ አብዮት ፈነዳ። አመፁን የመራው ጆን ኦኬሎ ኡጋንዳ የተወለደ ሰው ነበር። ሞ ደሴቲቱ ውስጥ ገብቶ ቀረጸ። ያኔ በነፃ የሚሠሩ የዜና ቀራጮች ይዘውት የሚዞሩት 16 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚጎርሰውን፣ ባትሪ ሳያስፈልገው እንደ ሰዓት በሚጠመዘዝ ሞላ የሚሠራውን ካሜራ ነበር። አንዱ ጥቅል ፊልም 30 ሜትር ገደማ ነው፤ በሴኮንድ 25 ምስል ሲቀረጽበት የሚቆየው 2 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ የተጠመዘዘው ሞላ ደግሞ ከግማሽ ደቂቃ ብዙም አይዘልም። እንቅስቃሴውን ለማዘግየት ፍጥነቱን በሴኮንድ ወደ 64 ምስል ከፍ ማድረግ ይቻላል፤ ነገር ግን ጥቅሉ በአንድ ደቂቃ ያልቃል፣ የሚፈለገውም ብርሃን ከእጥፍ በላይ ይጨምራል። በራሊ ላይ ይህ ስሌት የሚያጠፋው አንድ ጥሩ ምስል ነው። ተኩስ በሚሰማበት ጎዳና ላይ ግን ሰውዬው ፊልም ለመቀየር ባጎነበሰበት ቅጽበት ታሪክ ሊያልፈው ይችላል።

በ1966 ዛንዚባር ውስጥ ታስሮ አራት ሳምንት ገደማ ቆየ፤ ከዚያም ወደ ኬንያ ተባረረ። ስለ እስሩ ብዙ ተጽፏል። እዚህ ላይ የሚበቃው፣ ከዚያ ወዲህ ሥራውን ናይሮቢ ላይ መትከሉና ቪዝኒውስ ለተባለው ዓለም አቀፍ የምስል ዜና ድርጅት የአፍሪካ ዋነኛ ዓይን መሆኑ ነው። ሐምሌ 5፣ 1969 የኬንያው ሚኒስትር ቶም ምቦያ ናይሮቢ መሐል ከመድኃኒት ቤት ሲወጡ በጥይት ሲመቱ ሞ በፍጥነት ደረሰ፤ ሐኪም ነፍሳቸውን ለማትረፍ ሲታገል አምቡላንሱ ውስጥ ሆኖ አነሳ። ከጠራራ ፀሐይ ወደ ጨለማ መኪና ውስጥ መግባት ለካሜራ ከብዙ ነገር ይከብዳል። ያን ዘገባ ተከትሎ የእንግሊዝ የዓመቱ የቴሌቪዥን ካሜራ ባለሙያ ተብሎ ተሸለመ።

ጥር 25፣ 1971 ሚልተን ኦቦቴ ለጋራ ብልጽግና ስብሰባ ሲንጋፖር ሳሉ ጄኔራል ኢዲ አሚን ካምፓላ ላይ ሥልጣን ያዘ። ሁለቱ አሚኖች የሥጋ ዝምድና የላቸውም፤ የስማቸው መመሳሰል ግን በየኬላው ሳያነጋግር አልቀረም ብሎ መገመት ይቻላል። ሞ ከመፈንቅለ መንግሥቱ በኋላ አዲሱን ገዢ ቀርበው ከቀረጹት የመጀመሪያዎቹ ጋዜጠኞች አንዱ ነበር። ኢዲ አሚን በወጣትነቱ የኡጋንዳ የቀላል ከባድ ሚዛን የቦክስ ሻምፒዮን የነበረ፣ ዋናና የመኪና ውድድር የሚወድ፣ ካሜራ ሲያይ የሚነቃቃ ሰው ነው። ለስፖርት ቀራጭ ከዚህ የተመቸ ባለታሪክ አይገኝም፤ አደጋውም ያለው እዚያው ላይ ነው። ሳቁንና ጡንቻውን የቀረጸ ካሜራ ሁሉ እሱ እንዲታይ የፈለገውን አሳይቷል።

ከካሜራው ውጪ የሚሆነው ሌላ ነበር። ነሐሴ 1972 የእስያ ተወላጆች በ90 ቀን ውስጥ አገር ለቀው እንዲወጡ ታዘዘ። በጥቅምት የማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ምክትል ቻንስለር ፍራንክ ካሊሙዞ ተወስደው አልተመለሱም። ለሞ ይህ የሩቅ ዜና አልነበረም። ካምፓላን ለቀው የወጡት ሱቅ ጠባቂዎች፣ ሐኪሞችና መምህራን ልክ እንደ እሱ ወላጆች ባቡሩን ተከትለው ከመጡ ሰዎች የተወለዱ ነበሩ። በኡጋንዳ የተወለደው የራሊ ሾፌር ሼካር ሜህታም ከነቤተሰቡ ከተነቀሉት አንዱ ነው። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1973፣ በዳትሰን መኪና የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪን አሸነፈ። ብዙም ሳይቆይ ውድድሩ ራሱ ስሙ ውስጥ ያለውን ምሥራቅ አፍሪካ የሚል ቃል ጥሎ የኬንያ ብቻ ሆነ።

ሚያዝያ 1979 የታንዛኒያ ጦርና የኡጋንዳ ተቃዋሚዎች ካምፓላን ያዙ፤ ኢዲ አሚን ሸሸ። በ1980 ሞና የቢቢሲው ጋዜጠኛ ብራያን ባሮን ጂዳ ውስጥ አግኝተው ቃለ መጠይቅ አደረጉለት። ለዘጠኝ ዓመታት ያህል የዘለቀው ክትትል በዚያ ተደመደመ።

ምንም የማይንቀሳቀስበት ሜዳ

ጥቅምት 1977 በእኛ አቆጣጠር፣ ሞ ከቢቢሲው ማይክል በርክ ጋር ወደ ሰሜን ኢትዮጵያ ገባ። ደርግ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በአዲስ አበባ በታላቅ ድምቀት ካከበረ ገና አንድ ወር ነበር። ወደ ረኀቡ ቀጠና መጓዝ ለውጭ ጋዜጠኞች በጥብቅ ፈቃድ የተያዘ ሲሆን፣ ሞ በአዲስ አበባ ባሉት ሰዎችና በትዕግሥቱ በሩን ማስከፈት ቻለ። ያኔ በወሎ ክፍለ ሀገር ሥር በነበረችው ኮረም፣ ከተማዋን ከሚያቋርጠው መንገድ አጠገብ ባለው ሜዳ ላይ፣ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሰፍረው ነበር።

ዕድሜውን ሙሉ ፈጥኖ የሚያልፈውን ለመያዝ የሠለጠነ ሰው እዚህ የገጠመው ፍጹም ተቃራኒው ነው። ሜዳው ላይ የሚሮጥ የለም። የንጋቱ ብርሃን ጥቂት ነው፤ ጭስና ጉም ተቀላቅሎ ከመሬት አልተነሣም። በእንዲህ ያለ ብርሃን ካሜራ አንሺ የሌንሱን ቀዳዳ እስከ ጥጉ ይከፍታል፤ የሚጠራው ርቀት ስስ ስለሚሆን ካሜራው በድንገት ቢዞር ፊት ሁሉ ይጠፋል። ሞ ቀስ አለ። ካሜራው በጋቢና በነጠላ በተጠቀለሉት ሰዎች ላይ እጅግ በዝግታ ያልፋል፤ አንዳንዴ ቆሞ ይጠብቃል። እናት ልጇን ስትገንዝ ካሜራው አይጠጋም፣ አይሸሽምም። ለእኔ ቢጤ ዘጋቢ ምሳሌ ይሆን ዘንድ ብዙ ጊዜ ቢነገርም፣ ያ ዝግታ በጥበብ የተገኘ ብቻ አይመስልም፤ የሚያየውን ለማመን የወሰደበት ጊዜም በውስጡ አለ።

ዘገባው ጥቅምት 13፣ 1977 በቢቢሲ ተላለፈ። ከዚያ በዓለም ዙሪያ ከ400 በላይ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አሳዩት። ቦብ ጌልዶፍ ያን ምሽት ቴሌቪዥኑ ፊት ነበር፤ የገና ዘፈኑም በቀጣዩ ክረምት የተዘጋጀው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርትም ከዚያ ምሽት የተነሡ ናቸው። እህል የጫኑ አውሮፕላኖች መጡ፤ ብዙ ነፍስ ተረፈ፤ ብዙው ግን ቀድሞ አልፎ ነበር።

ይህን ታሪክ በምስጋና ብቻ መተረክ ለሞም ለኢትዮጵያም ፍትሕ አይሆንም። በኋላ ዓመታት ውጭ አገር ያደገ ኢትዮጵያዊ ሁሉ የአገሩን ስም በጠራ ቁጥር የኮረም ሜዳ ምስል ከፊቱ ይደቀንበት ነበር። ምስሉ ረኀቡን አሳየ እንጂ ከጀርባው ያለውን ጦርነት፣ የአገዛዙን ድርሻና የሠፈራውን ዘመቻ አላሳየም። ሰዎቹም በስም አልተጠሩም። ወቀሳው ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያው ዓመት መንግሥትም ሆነ የለጋሽ አገሮች መሥሪያ ቤቶች የእህል እጥረቱን የሚያሳዩ ሪፖርቶች በእጃቸው ነበሩ፤ ሪፖርቶቹ አንድም አውሮፕላን አላስነሡም።

ግራ እጅ

ግንቦት 27፣ 1983፣ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ በገባ በሳምንቱ፣ በከተማዋ ደቡባዊ ክፍል ያለ የጥይትና የፈንጂ ማከማቻ በሌሊት ፈነዳ። ሞ፣ የድምፅ ባለሙያው ጆን ማታይና ባልደረቦቻቸው ለመቅረጽ ሄዱ። ሁለተኛው ትልቅ ፍንዳታ እነሱ በቅርብ ሳሉ ተነሣ። ጆን ማታይ ሞተ። ሞ ግራ ክንዱን አጣ።

በትከሻ ላይ የሚያርፍ የዜና ካሜራ ሥራን ለሁለት እጆች ያከፋፍላል። ቀኙ መያዣው ውስጥ ገብቶ ካሜራውን ይሸከማል፣ መቅረጫውን ያስነሣል፣ ዙሙን ይገፋል። ግራው ሌንሱን ታቅፎ ፎከሱንና አፐርቸሩን ያዞራል። ራሊ መንገድ ዳር የተማረው ትምህርት ሁሉ፣ ድንጋይ መርጦ መጠበቁ፣ ቀዳዳውን በብርሃኑ ልክ መክፈቱ፣ የሚኖረው በግራ እጅ ጣቶች ውስጥ ነው። ቁስሉ የነካው በትክክል ያንን ነበር። ሞ አሜሪካ ሄዶ በጡንቻ ምልክት የሚንቀሳቀስ ሰው ሠራሽ ክንድ አስገጠመ፤ ካሜራውም ለክንዱ እንዲስማማ ተደርጎ ተስተካከለለት። በወራት ውስጥ ወደ ሥራው ተመለሰ። የቀድሞው ቅልጥፍና ተመለሰ ማለት ግን ማጋነን ይሆናል። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት የበለጠ ጊዜውን የወሰዱት የድርጅቱ ሥራ፣ መጻሕፍቱና ሕትመቶቹ ነበሩ። ከእነዚህ አንዱ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መንገደኞች በመቀመጫቸው ኪስ የሚያገኙት ሰላምታ መጽሔት ነው።

ኅዳር 14፣ 1989 ቅዳሜ ዕለት ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የሚመለሰውም በሥራ ነበር። አብሮት የረጅም ጊዜ የሥራ ባልደረባውና የሕይወት ታሪኩን የጻፈለት ብራያን ቴትሊ አለ። ቦይንግ 767 አውሮፕላኑ ከተነሣ ብዙም ሳይቆይ ሦስት ጠላፊዎች ተነሥተው ወደ አውስትራሊያ እንዲበር አዘዙ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማይበቃ ደጋግመው ቢያስረዱም የሚሰማ አልተገኘም። ከአደጋው የተረፉ ሰዎች እንደመሰከሩት፣ ሞ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ከመቀመጫው ተነሥቶ ከጠላፊዎቹ ጋር ይከራከር ነበር።

ነዳጁ አለቀ። ሁለቱም ሞተሮች ዝም አሉ። ካፒቴኑ አውሮፕላኑን በኮሞሮስ፣ ግራንድ ኮሞር ደሴት ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከአንድ የመዝናኛ ሆቴል ፊት ለፊት ባለው ባሕር ላይ ለማሳረፍ ሞከሩ። ባሕር ዳርቻው ላይ ለዕረፍት የመጣ ቱሪስት የቤት ቪዲዮ ካሜራ ይዞ ነበር። አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ በጎን ሲመጣ አየና ካሜራውን አብሮ አዞረ። በምስሉ ላይ ግራ ክንፉ ውኃውን ሲነካ፣ አውሮፕላኑ ሲሰባበርና ነጭ አረፋ ሲነሣ ይታያል። በሰዓታት ውስጥ ዓለም ሁሉ ያየው ይህንን ቪዲዮ ነው።

አውሮፕላኑ ውስጥ ከነበሩት 175 ሰዎች 50 ተረፉ። ሞና ቴትሊ ከእነርሱ መካከል አልነበሩም።